አንጎሌ በአዳራሹ ስክሪን ላይ

አንጎሌን ከእኔ ቀድሞ ያየው የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ቡድን ነው። አልቶዎቹ አይተውታል፤ ቴነሮቹም አይተውታል፤ ከበሮ የሚመታው ወንድም ዱላውን አየር ላይ እንደያዘ አፉን ከፍቶ አይቶታል። የአንጎሉ ባለቤት እኔ ግን ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ፣ «ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያፈጡብኝ?» እያልኩ ቆሜ ነበር። ነገሩ ካለፈ ሰነባብቷል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ዛሬም ክው እላለሁ።

ከራስ ምታቱ ልጀምር። ዓለም ባንክ አካባቢ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ሚስማርና የበር ቁልፍ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ክረምቱ አልፎ ግንባታው ሲጧጧፍ ራሴን ያመኝ ጀመር። ራስ ምታት ስላችሁ እናንተ የምታውቁትን፣ ሻይ ጠጥተው የሚያባርሩትን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ከግንባሬ ጀርባ አንድ ሰው ግድግዳ እያፈረሰ ነበር የሚመስለኝ። ጎንበስ ብዬ ሚስማር ስመዝን ደግሞ ሰውየው ጓደኛውን ይጠራል።

መካሪ አላጣሁም። ሚስቴ ትዕግስት ቡና ቀንስ አለችኝ። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ደም ብዛት ነው አለ፤ የእሱ ጎረቤት ደግሞ ደም ማነስ ነው አለ። ቁልፍ ሊገዛ የመጣ የማላውቀው ሰው ሕመሜን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ «አጎቴም ልክ እንዲህ ነበር የጀመረው» አለኝ። «ከዚያስ?» ስለው፣ «ነፍሱን ይማረው» ብሎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሐኪሙ ኤም አር አይ አዘዘልኝ። ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት «ብረት ነክ ነገር ይዘዋል?» ብለው ይጠይቋችኋል። እኔ የሚስማር ነጋዴ ነኝ፤ ግን «ኧረ ምንም አልያዝኩም» አልኩ። ባለሙያዋ ለማንኛውም ኪስዎን ይፈትሹ አለችኝ። ከሱሪዬ ኪስ ሚስማር ወጣ። ከሸሚዜ ኪስ ብሎን ወጣ። ከኋላ ኪሴ ደግሞ ስፈልገው የከረምኩት የመጋዘኔ ቁልፍ ተገኘ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ሆነው ቢገቡ ኖሮ እኮ…» አለችና ሳትጨርሰው ልብሴን አስወልቃ የእነሱን ጋዋን አለበሰችኝ። ከዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተኝቼ የጄኔሬተር፣ የመጋዝና የቆርቆሮ ድምፅ ሲፈራረቅብኝ ቆየ። ስወጣ አንድ ሲዲ ሰጡኝ። «ምስሉ እዚህ ውስጥ ነው። ሐኪሙ አይቶ ውጤቱን ይጽፍልዎታል፤ በሳምንቱ መጥተው ይውሰዱ» አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። እናንተ አንጎላችሁን በፌስታል ይዛችሁ ሳምንት ትጠብቃላችሁ? እኔ አልቻልኩም። እቤት ስደርስ ግን የልጆቼ ላፕቶፕ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ኢንተርኔት ቤት ብሄድ አስተናጋጇ ሲዲውን አገላብጣ አይታ፣ «ይሄ እኮ ድሮ መዝሙር የሚቀዳበት ነው» አለችኝ። ሠፈሩን ባካልል ሲዲ የሚያነብ ማሽን ጠፋ። በመጨረሻ ትዝ ያለኝ የቤተ ክርስቲያናችን ኮምፒውተር ነው። ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ ሲዲ የሚገባበት መሳቢያ አለው፤ እሱም በቡጢ ነካ ሲያደርጉት ይከፈታል።

ኮምፒውተሩን የሚይዘው ወንድም ምትኩ ነው። ምትኩ በሥራ ቀን የመብራት መስመር ይዘረጋል፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የድምፅና የምስል ኃላፊያችን ነው። የማይሞክረው ማሽን የለም። ሁሉንም የሚሞክረው በአንድ ዘዴ ነው፤ ያገኘውን ቁልፍ በሙሉ ይጫናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲዲዬን ይዤ ስሄድ መዘምራኑ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው፣ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን የአዲስ መዝሙር ግጥም እያነበቡ ይለማመዳሉ። ትዕግስትም ከአልቶዎቹ ጋር ናት። የምትኩ ጠረጴዛ ከስክሪኑ ሥር፣ ጥጉ ጋ ነው።

ፊት ወንበር ላይ እንደ ሁልጊዜው እትዬ በቀለች ተቀምጠዋል። እሳቸውን ማወቅ አለባችሁ፤ ምክንያቱም የእኔ ቂልነት ዞሮ ዞሮ የወደቀው እሳቸው ላይ ነው። ወላጆቼ ከጨንቻ መጥተው ቀራንዮ ሲሰፍሩ ጎረቤታቸው ነበሩ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ እናቴ የምለው እሳቸውን ነው። የሚኖሩት ጋቢ እየሸጡ ነው፤ ጫፉን የሚቋጩትም ራሳቸው ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ዓይናቸው ደከመ። ሐኪሞች ሲመረምሯቸው ራሳቸው ውስጥ ዕጢ በቅሎ የዓይናቸውን ነርቭ ተጭኖት አገኙ። ክፉ ዓይነት አይደለም፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ካልወጣ ግን የዓይንዎ ብርሃን ይጠፋል ብለው ለመጪው ማክሰኞ ቀጠሮ ይዘውላቸዋል። እሳቸውም በየልምምዱ እየመጡ ከመዘምራኑ ጋር ይጸልያሉ።

ምትኩ መሳቢያውን በቡጢ ከፍቶ ሲዲውን አስገባ። ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ ፋይሎች ማለቂያ በሌለው ሰልፍ ተደርድረዋል። አንዱም አልከፈት አለ። ያኔ የእህቴ ልጅ ምሕረት ትዝ አለችኝ። ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በአንጎል ምስል ላይ ነው። በዓል ለት ምሳ ስንበላ፣ የራስ ምስል የሚከፍት፣ የራስ ቅሉን ከአንጎሉ ለይቶ የሚያነሳ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ስፋት የሚለካ፣ ባለቤቱ እንዳይታወቅ ደግሞ ፊቱን የሚያጠፋ ፕሮግራም እንዳለ ስታስረዳን ነበር። እኔ ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ የያዝኩት የፕሮግራሙን ስምና «በነፃ ነው» የሚለውን ነው። ስሙን ለምትኩ ነገርኩት፤ እሱም ፈልጎ አወረደው። ሲከፍተው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ መጣ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«እሺ በል ነው የሚለው» አለና እሺን ተጫነው።

ከዚያ በኋላ ፊታችን ባለው የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ምንም አልመጣም። ምትኩ አንዱን ተጫነ፤ ባዶ። ሌላውን ተጫነ፤ ባዶ። «አልከፈተም» አለኝ። ለካ ፕሮግራሙ የተከፈተው ከጭንቅላታችን በላይ፣ በትልቁ ስክሪን ላይ ነው። እኛ የምናውቀው ነገር የለም። ያወቅነው መዝሙሩ ሲቋረጥ ነው። ሲቋረጥም በየተራ ነው፤ መጀመሪያ ሶፕራኖዎቹ ጸጥ አሉ፣ ቀጥሎ አልቶዎቹ፣ አንድ ቤዝ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ እየዘመረ ትንሽ ቆየ። ዞር ስል ሁሉም ከእኔ በላይ ያፈጣሉ። ትዕግስት ጮኸች።

ቀና ብዬ አየሁ። ስክሪኑን ሞልቶ ያለው የእኔ ፊት ነው። ምትኩ ከተጫናቸው ቁልፎች አንዱ ምስሎቹን ገጣጥሞ ጭንቅላቴን ሙሉ አድርጎ አቁሞታል። ፀጉር የለኝም፤ ቅንድብ የለኝም፤ ዓይኔ ተከድኗል፤ አፍንጫዬ ግን አለ፣ ያውም ከወትሮው ገዝፎ። የገዛ ሬሳዬን ቆሜ ያየሁ መሰለኝ። የምትኩን ወንበር ያዝኩ።

«አጥፋው!» አልኩት።

«እያጠፋሁት ነው!» አለና ሌላ ቁልፍ ተጫነ። ፊቴ ጠፋ፤ በፊቴ ፋንታ አንጎሌ ለሁለት ተከፍሎ መጣ። ከመሃሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ አለው።

ልብ በሉ፤ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አይደለም። ክንፉን የዘረጋ፣ መሃል አንጎሌ ላይ የተንጣለለ ጉድጓድ ነው። እትዬ በቀለች ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ስክሪኑ እያዩ፣ «ምንድን ነው? እኔ አይታየኝም፤ ንገሩኝ እንጂ!» አሉ። ትዕግስት፣ «እትዬ፣ አንጎሉ መሃል ለመሃል ተቦርቡሯል!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ራስ ምታቴ ምን እንደነበር ገባኝ። ግድግዳ የሚያፈርሰው ሰውዬ ሥራውን ጨርሶ ክፍሉን ባዶ አድርጎታል።

እትዬ በቀለች ተነሡ። ወንበር እየዳበሱ መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና መጸለይ ጀመሩ። መዘምራኑም ከበቡኝ። እንዲህ የሚጸለይለት ሰው ሆኜ አላውቅም፤ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። በዚህ መሃል ምትኩ አንድ እጁን ዘርግቶ እየጸለየ በሌላው ስክሪኑን ለማጥፋት ማውሱን ሲታገል፣ ጣቱ የማውሱን ጎማ ማሽከርከር ጀመረ። ማናችንም አላየነውም። ያየነው ስክሪኑን ነው። ጉድጓዱ ጠበበ። ደግሞ ጠበበ። ክንፉን ሰበሰበ፤ ነጥብ አከለ፤ ጠፋ።

«ተዘጋ!» አለች ትዕግስት።

«ምኑ?» አሉ እትዬ በቀለች።

«ጉድጓዱ ተዘጋ፣ እትዬ! ዓይኔ እያየ ተዘጋ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መግለጽ ያቅተኛል። ሃሌሉያው ጣሪያውን አነሣው። ምትኩ ራሱ ማውሱን ወርውሮ ይዘላል። ከሁሉ በላይ «ተዘጋ! ተዘጋ!» እያልኩ የጮህኩት እኔ ነኝ። ብታምኑም ባታምኑም ራስ ምታቱም በዚያች ሰዓት ለቀቀኝ።

እሑድ ጠዋት ምስክርነት እንድሰጥ ማይክ ተሰጠኝ። ቅዳሜ ለት ጉድጓዱ የአውራ ጣት ያህል ነበር። ምስክርነቴን ስጀምር ሎሚ አከለ፤ ስጨርስ ብርቱካን ደርሶ ነበር። ማጋነን ፈልጌ አይደለም፤ ጉባኤው «ጌታ ይመስገን!» ባለ ቁጥር በራሱ ጊዜ እየሰፋብኝ ነው። ከአገልግሎቱ በኋላ ሰዎች ወረፋ ይዘው አናቴን ሲያዩ ቆዩ። የሐኪሙን ውጤት ሄጄ ልውሰድ የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም። የተዘጋ ጉድጓድ ምን ውጤት ያስፈልገዋል?

ልንወጣ ስንል እትዬ በቀለች በሩ ጋ ክንዴን ያዙኝ። ፊታቸው በርቷል።

«ልጄ፣ ወስኛለሁ» አሉኝ። «የአንተን የዘጋ ጌታ የእኔን ማውጣት አይሳነውም። ማክሰኞ አልሄድም። ነገ ጠዋት ደውዬ ቀጠሮውን ሰርዙት እላቸዋለሁ።»

እኔም ምን አልኩ መሰላችሁ? «አሜን!» አልኩ። ያውም በሁለት እጄ ጨብጫቸው።

ያን ለት ምሕረት ምሳ ልትበላ እቤት መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ታሪኩን ከሚስማሩ እስከ ሃሌሉያው ተረክኩላት። ስጨርስ ደስ ይላታል ስል ፊቷ ቀዘቀዘ። «ጋሼ፣ ሲዲውን ልየው?» አለችኝ። እንደ ባለሙያ ከቦርሳዋ ሲዲ ማንበቢያ አውጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካች። ምስሉ ተከፈተ። ጉድጓዱ በዚያው ስፋት፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል።

«ወይኔ! ተመልሶ ተከፈተ!» ብዬ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ራስ ምታቱም ከች አለ።

«ቆይ፣ አትደንግጥ» አለችና የማውሱን ጎማ በጣቷ አሽከረከረች። ጉድጓዱ ተዘጋ። ወደ ኋላ መለሰችው፤ ተከፈተ። እንደገና አሽከረከረች፤ ተዘጋ። እኔ አንዴ ስሞት አንዴ ስድን ቆየሁ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ራስህን እንደ ዳቦ ቆራርጦ ነው ፎቶ የሚያነሳው» አለችኝ። «ጎማውን ስታሽከረክረው ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። ጉድጓዱ መሃል ያሉት ቁራጮች ላይ ይታያል፤ ወደ አናትህ ስትወጣ ደግሞ አይታይም። የተዘጋም የተከፈተም ነገር የለም።»

«ታዲያ ጉድጓዱስ ራሱ?»

«ሁላችንም አለን። አንጎላችን የሚያመነጨው ውሃ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ግራና ቀኙን እየው፣ እኩል ነው። ጤነኛ ነው።»

«አንቺም አለሽ?»

«እኔም አለኝ።» ለትምህርቷ ብላ ራሷ የተነሳችውን አውጥታ አሳየችኝ። ቁጭ ብሏል። እንዲያውም የእሷ ከእኔ ይሰፋል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ትንሽ ቅር አለኝ።

«ታዲያ ራሴን የሚያመኝ ምንድን ነው?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ውጤቱን ውሰድና እነሱ ይንገሩህ። ግን ይሄውልህ፣ ግንባርህና ጉንጭህ ውስጥ አየር ያለባቸው ክፍት ቦታዎች መሆን ነበረባቸው፤ ሞልተዋል። ሳይነስ ሳይሆን አይቀርም። የሲሚንቶው አቧራ ይመስለኛል።»

«በምንድን ነው የሞሉት?»

ምሕረት ትንሽ አመነታች። «በንፍጥ» አለችኝ።

ጉባኤ ሙሉ እያነባ የጸለየለት፣ በማይክ የተመሰከረለት ደዌ ንፍጥ ሆኖ ሲገኝ ሰው ምን ይላል? ምሕረት ግን አልጨረሰችም። ምትኩ እሺ ያለውን ማስጠንቀቂያ መልሳ አምጥታ በአማርኛ አነበበችልኝ። «ይህ ፕሮግራም ለጥናት ብቻ ነው። በሽታ ለመለየት አይውልም» ይላል። ይህን ስሰማ ነው እትዬ በቀለች ትዝ ያሉኝ። ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው። እሳቸው ቀጠሮ ሊሰርዙ ነው። የሚሰርዙት እኔ የማውስ ጎማ አይቼ «ተዘጋ» ስላልኩ ነው። ዓይናቸው ቢጠፋ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። መጀመሪያ ለመጋቢያችን ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ንፍጡን ሳይቀር። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» ስል፣ «አለሁ» አሉ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስማኝማ፣ እኔም ጋ አለ ማለት ነው ጉድጓዱ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ መጋቢ፣ እርስዎም ጋ አለ።»

ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «በል አሁኑኑ ወደ እትዬ በቀለች ሂድ። ጉባኤውን እሑድ ራስህ ቆመህ ታስተካክላለህ» አሉኝ።

ምሕረትን ከነላፕቶፗ ይዤ ቀራንዮ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እትዬ በቀለች በረንዳቸው ላይ ጋቢ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጫፉን ይቋጫሉ። ዓይናቸው ጋቢው ላይ የለም፤ ክሩን በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚሠሩት። ይህን ሳይ ይዤው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ጎናቸው ተቀምጬ ስለ አየሩ አወራሁ። ስለ መንገዱ አወራሁ። ምሕረት በክርኗ ጎሸመችኝ፤ አሁንም አልወጣ አለኝ። በመጨረሻ እሷ ላፕቶፑን ከፍታ አፍንጫቸው ሥር አቀረበችላቸውና የእኔን ጉድጓድ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው።

ነገሩ እስኪገባቸው ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ከገባቸው በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ያን ሁሉ የጮህነው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሳቁ። ጋቢውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ድንገት አቆሙና፣ «የእኔንም ክፈቺልኝ» አሉ።

ምሕረት፣ «እትዬ፣ ሐኪሞቹ ያሉዎት ነው ልክ፤ እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም» ብላ ልትሸሽ ሞከረች። እሳቸው ግን እየዳበሱ ገብተው ከሳጥናቸው ውስጥ ሲዲያቸውን አመጡ። «ክፈቺው ብያለሁ» አሉ።

ተከፈተ። እኔ እንኳን፣ ከዚያች ቀን በፊት አንጎል ምን እንደሚመስል የማላውቀው ሰው፣ ሳይነግሩኝ አየሁት። በአንድ በኩል ብቻ፣ ሌላው ጎን ላይ አምሳያ የሌለው፣ ነጭ ድቡልቡል ነገር ተጎልቷል። ውሃ ማስቀመጫውን ወደ ጎን ገፍቶታል። ማውሱን ከምሕረት ቀምቼ ጎማውን አሽከረከርኩ። አለ። አሽከረከርኩ። ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ወደ ኋላ መለስኩት፤ አለ። በሌላ አቅጣጫ፣ ከጎን በኩል አሳዪኝ አልኳት፤ ቀየረችልኝ፤ እዚያም አለ። እንዲህ ደንግጬ አላውቅም፤ የገዛ ሬሳዬን ያየሁ የመሰለኝ ለት እንኳን።

እትዬ በቀለች ስክሪኑ አይታያቸውም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጎማውን የሚያሽከረክረውን ጣቴን ነው የሚሰሙት።

«ተዘጋ?» አሉኝ።

ምሕረት አየችኝ። «አልተዘጋም፣ እትዬ» አልኩ፣ አዳራሹ ውስጥ ያን ያህል በጮኸው አፌ።

ጋቢውን አንስተው የጀመሩትን ጫፍ በጣታቸው ፈልገው ያዙት።

«ቀጠሮውን እሰርዛለሁ ያልኩህ አምኜ መስሎሃል?» አሉኝ። «ፈርቼ እኮ ነው። ራሴን ሲከፍቱት እያሰብኩ እንቅልፍ ካጣሁ ከርሜያለሁ። አንተ ቆመህ ስትመሰክር ሰበብ አገኘሁና ደስ አለኝ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «አሁንም እፈራለሁ። ማክሰኞ አንተ ነህ የምትወስደኝ። ብቻዬን አልገባም» አሉ።

ማክሰኞ ወሰድኳቸው። እስከ መጨረሻው በር ድረስ እጄን አልለቀቁም፤ ነርሷ ነች ያላቀቀችን። መዘምራኑ መጥተው ኮሪደሩን ሞልተው ቀስ ብለው ሲዘምሩ የጥበቃው ሠራተኛ ዝም አሰኛቸው፤ ከዚያ በየልባቸው ጸለዩ። ምትኩ ግድግዳ ላይ ያለ ማብሪያ ሊነካ ሲል ትዕግስት እጁን መታችው። አመሻሹ ላይ ሐኪሙ ወጥቶ፣ «ዕጢው ወጥቷል፤ ዓይናቸውን በተመለከተ ግን እብጠቱ ሲጎድል ነው የምናውቀው» አለን። የዓይናቸው ቆብ አብጦ ተከድኖ ነበር። በየቀኑ እየሄድኩ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ድምፄን እየሰሙ ያወሩኛል፤ እኔ የተከደነውን ዓይናቸውን እያየሁ እመልስላቸዋለሁ።

እሑድ ጠዋት ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ተነሥቼ፣ ልብሴን እንደነገሩ ለብሼ፣ ጉባኤው ፊት ቆምኩ። ጉድጓዱ ብርቱካን እንዳላከለ፣ አውራ ጣትም እንዳልነበረ፣ ጭራሹኑም በሽታ እንዳልነበረና በአዳራሹ ውስጥ ያለን ሰዎች በሙሉ አንዳንድ እንዳለን ተናገርኩ። ሕዝቡ ከእኔ ጉድጓድ ይልቅ በገዛ ጉድጓዱ ደነገጠ፤ ሰው ሁሉ አናቱን ሲነካካ አየሁ። ከዚያ ስለ እትዬ በቀለች ዓይን አብረን ጸለይን።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ሆስፒታል ሄድን። እብጠቱ ጎድሏል። ነርሷ ዓይናቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ «በሉ እማማ፣ ቀስ ብለው ይግለጡት» አለቻቸው። ትዕግስት ክንዴን ጨመቀችኝ። ገለጡት። ወደ ኮርኒሱ አዩ። ወደ መስኮቱ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ቆዩ። ምንም አልታያቸውም ማለት ነው ብዬ የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ።

«አንተ» አሉኝ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«የሸሚዝህን ቁልፍ አዛንፈህ ነው እንዴ የቆለፍከው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ጠዋት በዚያው ሸሚዝ ጉባኤው ሁሉ ፊት ቆሜ ነበር፤ አንድም ሰው አላየልኝም።